ቃሉን ብቻ የሚያውቀው ጠፍር

ተረት ልነግራችሁ ነው። «የላም በረት» ልትሉኝ አፋችሁን እንዳሰናዳችሁ አይቻለሁ፤ ተዉት። በዛሬው ተረት ላምም የለች፣ በረትም የለ። የዛሬው የጨው ነገር ነው። ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ፤ በዚህ ተረት ውስጥ አፉን የከፈተውን ሁሉ አትመኑ። እኔንም ቢሆን ዓይን ዓይኔን እያያችሁ ስሙኝ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳው ሁሉ በሚነጋገርበት፣ ገመድና ቅል ሳይቀሩ አፍ በነበራቸው ዘመን፣ ከደጋው ቁልቁለት ሥር፣ ከወንዙ ወዲህ አንድ ትልቅ ዋርካ ነበረ። ከዋርካው ሥር ደግሞ የወፍጮ ድንጋይ የሚያህል ጨው ነበረ። ከነጋዴዎች ግመል ጀርባ ላይ የወደቀ ነው ይባላል፤ እንጃ፣ እኔ አልነበርኩም። እንስሳቱ ጨዉን የጋራ አደረጉት። ሚዳቋ በተራዋ ትልሳለች፤ ከርከሮ በተራው ይልሳል፤ አህያ በተራው ይልሳል። ልሶ የጠገበ ወደ ቤቱ፣ ያልጠገበ ለነገ። እንዲህ ተስማምተው ሲኖሩ፣ አንድ ቀን ማለዳ ቢመጡ ጨዉ የለም። ቦታው ላይ ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል። ሌሊቱን ነፋስ ሲነፍስ ስላደረ ዱካ የሚባል ነገር አልተገኘም።

«ጨዉ ሲሰረቅ ለምን አልጮኸም?» የምትል አንዲት ከመካከላችሁ አትጠፋም። ጨው በተላሰ ቁጥር የሚጮኽ ቢሆን ወጥ የሚያጣፍጥ ማን ይገኝ ነበር? ጨው ዝም ያለ ፍጥረት ነው። ይልቅ ስሙኝ።

የዋርካው አገር ዳኛ አያ ጉሬዛ ነበር። ጉሬዛን አይታችሁታል? ጥቁር ፊት፣ ነጭ ጺም፣ ከትከሻው የሚወርድ ነጭ ካባ። ሳይሾም የተሾመ የሚመስል እሱ ብቻ ነው። ዳኛ ያደረጉት ግን ለካባው አልነበረም። ማንንም ስለማያምን ነው። «እንደምን አደርክ?» ሲሉት «ምን ሰምተህ ነው?» ይላል። ዝናብ ሲመጣ ቀና ብሎ «ዛሬ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» ይላል። ሚስቱ እንኳ ፍሬ ብታቀብለው አገላብጦ አይቶ፣ አሽትቶ ነው የሚጎርሰው። ሲስቁበት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ ጺሙን ያሻል። አዳልቶ ግን አያውቅም፤ ሁሉንም እኩል ይጠረጥር ነበርና።

አያ ጉሬዛ ጉድጓዱን አየ። እንስሳቱን አየ። እንደገና ጉድጓዱን አየ።

«አውጫጭኝ ተቀመጡ!» አለ።

አውጫጭኝ እንዲህ ነው። ዕቃ ጠፍቶ ሌባው ካልታወቀ፣ አገሩ በሙሉ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። ትልቅ የለ፣ ትንሽ የለ። መብላት የለም፣ መጠጣት የለም፣ ቤት መሄድ የለም። ያየ እስኪናገር፣ የሰረቀ እስኪጨንቀው ድረስ ቁጭ ነው። በዋርካው አገር ደግሞ ክቡን የሚከበው አንድ ረጅም የቆዳ ጠፍር ነበር። ሕጉ ያለው በዚህ ጠፍር አፍ ነው። ቅድመ አያቶች ቃሉን አስጠንተውታል፤ እነሱ ሞቱ፣ እሱ ቀረ። ጠፍሩን ዘረጉት፤ ሁሉም ጀርባውን ለጠፍሩ፣ ፊቱን ለዋርካው ሰጥቶ ተቀመጠ። አያ ጉሬዛም ዝቅ ካለችው ቅርንጫፍ ላይ ወጥቶ ተሰየመ።

ጠፍሩ ጉሮሮውን ጠረገና ቃሉን ተናገረ፦

«ሌባው ሳይታወቅ ከእኔ ያለፈ፣ ሌባው እሱ ነው። ወንዙን ይሻገር፤ ዳግም አይመለስ።»

ከወንዙ ማዶ ምን አለ መሰላችሁ? ምንም የለም። ዛፍ የለ፣ ሣር የለ፣ ጥላ የለ። ወደዚያ ተሻግሮ ክረምቱን የደገመ አልተሰማም።

ያን ጊዜ ዓይን ሥራውን ጀመረ። በመጀመሪያ ሁሉም አያ ጅቦን አየው።

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ?» አለ አያ ጅቦ ተቆጥቶ። «ጨው ሥጋ አለው? አጥንት አለው?»

«አንተን ቁርበትም ስትበላ አይተንሃል» አለች እመት ጦጢት።

«ቁርበት ሌላ! ቁርበት ትናንት ሥጋ ነበረ!»

ሳቁበት፤ ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ። ሚዳቋ ከርከሮን በጎን አየችው። ከርከሮ አህያን አየው። አህያ መሬት መሬቱን አየ። «ለምን መሬት ያያል?» አለ አያ ጉሬዛ በልቡ። «ጦጢትስ ለምን ቀድማ ቀለደች? የሚቀልድ ሰው ወይ ንጹሕ ነው፣ ወይ ንጹሕ መምሰል ይፈልጋል።» አንድ በአንድ ከንፈራቸውን፣ እግራቸውን፣ የእጃቸውን አቀማመጥ አየ። ሁሉም ሌባ መሰሉት። ይህ ለሱ አዲስ ነገር አልነበረም።

ረፋዱ ላይ ከክቡ ዳር አንዲት ድምፅ ተሰማች። እመት ቆቅ ናት፤ በአህያና በጎረቤቷ በጃርት መካከል የተቀመጠችው።

«ጌታዬ፣ ጥቂት ይፍቀዱልኝ» አለች። «እንቁላሎቼን ጥያቸው ነው የመጣሁት። ጎጆዬ ከቋጥኙ ሥር ነው። ጠዋት ጥላ ነበር፤ አሁን ፀሐይዋ ቋጥኙን ልትሻገር ነው። ባሌ እንዳይሸፍናቸው ጭልፊት ወስዶብኛል። አምና ደግሞ የወለድኳቸውን እባብ ጨረሰብኝ። ሮጬ ሄጄ ቅጠል አልብሻቸው እመለሳለሁ።»

«በሕግ አምላክ!» አለ ጃርት።

ይህ ቃል ሲጠራ የሚራመደው ይቆማል፣ የሚያኝከው ያቆማል። ጃርት ይህን ያውቃል። በዋርካው አገር ነገረ ፈጅ ማለት እሱ ነው፤ የሰው ክስ ይዞ ሲከራከር የኖረ ነው።

«ጌታዬ ዳኛ» አለ ጃርት፣ «ቆቅ ጎረቤቴ ናት፤ አንጀቴ ነው የሚበላው። ነገር ግን ሕጉ ቁልጭ ያለ ነው። ያለፈ፣ ሌባ ነው። ካለፈች፣ ሌባ ናት። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ሕጉ ነው። ቃሉን ከተውነውማ ነገ ማን ይፈራዋል?»

አያ ጉሬዛ ቆቅን አያት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እውነቷን ይሆናል» አለ በልቡ። ወዲያው ደግሞ፣ «እንቁላል ያላት ወፍ ጨው አትሰርቅም ያለው ማን ነው? እንባም ቢሆን ሲቀምሱት ጨው ጨው ይላል» አለ። እንደለመደው ወደ ጠፍሩ ዞረ።

«ጠፍር ሆይ፣ የምታልፈው እናት ብትሆንስ?»

«እናት የሚል አልተነገረኝም» አለ ጠፍሩ።

«ተቀመጪ» አላት አያ ጉሬዛ። ቆቅ ተቀመጠች።

ፀሐይዋ ከፍ አለች። የአያ ጉሬዛ የውሃ ቅል ከቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የሁሉም ዓይን ከሱ አልነቀል አለ። «እኔን አትዩኝ» አለ ቅሉ፣ «ሙሉ ነኝ፣ ግን ሕግ አክባሪ ነኝ።» ከርከሮ ምራቁን ለመዋጥ ሞክሮ አቃተው። ከዚያ ወደ ሚዳቋ ጠጋ ብሎ የተንሾካሾከውን አያ ጉሬዛ ሰማ።

«ብትወጣ እኮ እናርፍ ነበር» አለ ከርከሮ።

«ማን?»

«ቆቅ ናታ። እሷ ካለፈች ነገሩ አለቀ፤ እኛም ወደየቤታችን።»

አያ ጉሬዛ ደንገጥ ብሎ ክቡን ቃኘ። እውነትም ነው። ሌባውን የሚፈልግ ዓይን አጣ። ሁሉም የቆቅን እግር ነው የሚያየው። መቼ ትነሳ፣ መቼ ትሰናከል እያሉ ይጠብቋታል። «ይህ አውጫጭኝ ነው ወይስ አደን?» አለ በልቡ። ነገሩ አልጣመውም። ግን ከቅርንጫፉ አልተነቃነቀም።

ቆቅ እንደገና ተነሳች።

«ጌታዬ፣ እኔ ልቅር» አለች። «እኔ እዚሁ ልታሰር። አንድ ሰው ይላክልኝ። ከዚህ እስከ ቋጥኙ ድረስ ነው። አንድ ዘለላ ቅጠል ጣል አድርጎባቸው ይምጣ። ስለ እግዚአብሔር!»

«በሕግ አምላክ!» አለ ጃርት። ቆቅ ቃሏን ሳትጨርስ ነው ያለው። «ጌታዬ፣ ዛሬ ለቅጠል ሰው ከላክን ነገ ለቀንበጥ እንልካለን። የሚላከውስ ማን ነው? ሌባው እሱ ቢሆንስ? ማንም ንቅንቅ ማለት የለበትም!»

«ፈጠነ» አለ አያ ጉሬዛ በልቡ። «ለምን ፈጠነ?» ከዚያ ደግሞ ለራሱ መለሰ፤ «ነገረ ፈጅ አይደል? መፍጠን ሥራው ነው።» አሁንም ወደ ጠፍሩ ዞረ።

«ጠፍር ሆይ፣ ሰው ብንልክስ?»

«መላክ የሚል አልተነገረኝም።»

«ታዲያ ይህን ቃል ለምን ብለው እንዳወጡት ታውቃለህ?»

«ለምን ብዬ አልጠየቅኳቸውም። እኔ ቆዳ ነኝ» አለ ጠፍሩ።

«ተቀመጪ» አላት አያ ጉሬዛ። በዚህኛው ጊዜ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። ቆቅም ተቀመጠች፤ ግን ፊቷን ወደ ዋርካው አልመለሰችም። ወደ ቋጥኙ ዞራ፣ ዓይኗን ጨፍና ክንፎቿን መሬት ላይ ዘረጋች፤ ከዚህ ሆና ጥላ ልታደርግላቸው የምትችል ይመስል። አያ ጉሬዛ እንዳያያት ፊቱን አዞረ። ይህን አስታውሱልኝ፤ ዳኛው ፊቱን ያዞረው ያን ጊዜ ነው።

«በሕግ አምላክ! ወጣች! ወጣች!»

የጃርት ጩኸት ነው። አያ ጉሬዛ ዞሮ ቢያይ፣ እውነት ነው። ጠፍሩ ከቆቅ ወዲህ፣ ቆቅ ከጠፍሩ ወዲያ።

«አላለፍኩም!» አለች ቆቅ። «የሆነ ነገር እግሬን ነካኝ። እባብ መስሎኝ እንጣጥ አልኩ እንጂ አንድ እርምጃ አልተራመድኩም!»

«ጠፍር ሆይ፣ ተናገር!» አለ ጃርት።

«ቆቅ ከእኔ ውጭ ናት» አለ ጠፍሩ። «ሌባው ሳይታወቅ ከእኔ ያለፈ፣ ሌባው እሱ ነው። ወንዙን ይሻገር፤ ዳግም አይመለስ።»

«እሰይ!» ብሎ ከርከሮ ብድግ አለ። ሚዳቋ ብድግ አለች። ጦጢት ብድግ አለች። «ተገኘች! ሌባዋ ተገኘች!» እያሉ አቧራቸውን አራገፉ። አያ ጅቦማ የተጠረጠረበትን ንዴት ለመወጣት፣ «እኔ ድሮም ነግሬያችኋለሁ!» ብሎ ፎከረ። የነገራቸው ግን አንዳች ነገር አልነበረም።

አያ ጉሬዛ ጉሮሮው ደርቋል። ካባው ከብዶታል። አንድ ቃል ብቻ ይበቃዋል፤ «ፈረድኩ» ቢል ሁሉም ያልቃል፤ ቅሉን አውርዶ ይጠጣል፣ ጥላው ሥር ጋደም ይላል። ሕጉ ተናግሯል፤ ማን ይወቅሰዋል? ደስ አለው። ደስታው ከሆዱ ተነስቶ ደረቱ ላይ ሲደርስ ግን ጠረጠረው።

«ለምን ደስ አለኝ?» አለ በልቡ። «ወፊቱ ወንዝ ልትሻገር ነው፤ እኔ ምን ያስደስተኛል? ውሃ ስለጠማኝ ነው እንጂ ሌባ ስለተገኘ አይደለም።»

እንግዲህ ሁሉን ሲጠረጥር የኖረ ሰው ራሱን ካልጠረጠረ ምኑን ጠረጠረ?

«ቁጭ በሉ!» አለ።

«ጌታዬ፣ ጠፍሩ እኮ…»

«ቁጭ በሉ አልኩ! ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ!»

ከቅርንጫፉ ወረደ። ቀስ እያለ ወደ ቆቅ ሄደ፤ ጎንበስ ብሎ አቧራውን አየ። ጠፍር ረጅም ሰዓት ሲተኛ መሬቱ ላይ መስመር ይሠራል። መስመሩ እዚያው አለ፤ ከቆቅ ወዲያ ነው ያለው። ቆቅ ጠዋት ከተቀመጠችበት ቦታ አልራቀችም። የራቀው ጠፍሩ ነው።

«ጠፍር ሆይ፣ ከቦታህ ተነቅንቀሃል?»

«ተስቤያለሁ።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ስትሳብ ተናገር አልተባልኩም» አለ ጠፍሩ። «የተባልኩት ያለፈውን ተናገር ነው።»

አያ ጉሬዛ በንዴት ጺሙን ነጨ። «እሺ፣ ያለፈውን ተናገር። ከቆቅ በፊት ያለፈብህ አለ?»

«አለ። አንድ እግር ከላዬ አልፎ ወደ ውጭ ወጣ። ከውጭ በጥፍሩ ይዞ ወደ ውስጥ ሳበኝ። በወፊቱ እግር ሥር ስሳብ ዘለለች፤ እኔም ከወዲህ ሆንኩ፣ እሷም ከወዲያ ሆነች።»

«የማን እግር?»

«ፊቱን አላየሁም። እኔ ተኝቼ ነው የምኖረው። ጥፍር ያለው እግር ነው።»

ከቆቅ በቀኝ የተቀመጠው አህያ ነው። አህያ ኮቴውን አንስቶ ለሁሉም አሳየ፤ በዚያ ኮቴ እንኳን ጠፍር ሣር አይሳብም። ከዚያ የሁሉም ዓይን ወደ ግራዋ ዞረ። ጃርት እግሮቹን ከሆዱ ሥር ሰብስቦ ተቀምጧል።

«ጃርት» አለ አያ ጉሬዛ፣ «ቃሉ ያለፈ ይላል። አለፍክ?»

ጃርት ሳቅ ለማለት ሞከረ። «ጌታዬ፣ እግሬ አለፈ ማለት እኔ አለፍኩ ማለት ነው እንዴ? በቃል ብቻ ሰው ይኰነናል? የሕጉን ልብ እንይ እንጂ! አያቶቻችን ይህን ያወጡት ሌባ እንዳያመልጥ ብለው ነው። እኔ አምልጫለሁ? ይኸው አለሁ። ቃል ቅርፊት ነው፤ ፍሬው ሐሳቡ ነው!»

አያ ጉሬዛን ያናደደው፣ ጃርት ያለው ነገር ልክ መሆኑ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሊሰማው የፈለገው ንግግር ይኸው ነበር፤ የመጣለት ግን ከዚያ አፍ ነው።

«እንዴት ያለ ነገር ነው» አለ። «ጠዋት ቃሉ ነበር የሚጣፍጥህ። ፀሐይ አናታችን ላይ ስትወጣ ልቡ ጣፈጠህ?»

«ነገር ሲገለጥ ሰው ይማራል፣ ጌታዬ።»

«መልካም ተምረሃል። ልቡ ሌባ እንዳያመልጥ ከሆነ፣ ልቡ ለቆቅም ልብ ነው። በቁራኛ ትሂድ።»

ቁራኛ ማለት ሁለት ሰው በአንድ ገመድ መታሰር ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይራመድም። የታሰረ አያመልጥም፤ ያላመለጠ ደግሞ ሕግ አላፈረሰም። ይህን ብልሃት ሁሉም ያውቀው ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ግን አንዱም አላነሳው።

«እኔ ቁራኛ ልሁናት!» አለ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ።

«አንተ ከሄድክ ወፊቱንም፣ እንቁላሉንም፣ ገመዱንም በልተህ ነው የምትመጣው» አለች ጦጢት።

«አህያ ይሂድ» አለ አያ ጉሬዛ።

«አህያ?» ጃርት ዘሎ ተነሳ። ጋሻ የሚያህል ጀርባው ላይ ያለው እሾህ ሁሉ ቆሟል። «አህያ ቀርፋፋ ነው፣ ጌታዬ! ድንጋይ ያደናቅፈዋል! እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ መንገዱን በጨለማም አውቀዋለሁ። እኔ ልሂድላት! እባክዎ!»

አሁን አያ ጉሬዛ ገባው። ጠዋት ቆቅ አትሂድ አለ። ከዚያ ሌላ ሰውም አይላክ አለ። አሁን ደግሞ ከሱ በቀር ማንም አይሂድ ይላል። ቃሉን የጠራው ያን መንገድ ለመዝጋት ነው፤ ጎረቤትነቱን የጠራውም ለዚያው ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለ አያ ጉሬዛ። «ጃርት፣ ቁጭ በል። አህያ፣ ወደ ጎጆዋ እየሮጥክ ውሰዳት። ስትመለስ ግን ቀስ ብለህ ና። ግራና ቀኙን እያሸተትክ ና።»

አሰሯቸው። ቆቅ ፊት ፊት ሮጠች፤ አህያ ተከተላት። ሌላው ተቀምጦ ጠበቀ። የጃርት እሾህ ብቻ ጭር ባለው ቀትር ላይ ይንኳኳ ነበር።

አህያ ሲመለስ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«ተገኘ፣ ጌታዬ» አለ አህያ። «ከቋጥኙ ጀርባ፣ ከጃርት ጉድጓድ አፍ ላይ፣ ቅጠል ተከምሮበታል። ከጉድጓዱ በልጦበት ወደ ውስጥ አልገባለትም። ዳር ዳሩን ሲግጠው አድሯል።»

«ያንተስ ከንፈር?» አለ አያ ጉሬዛ።

«እሱማ…» አህያ ጆሮውን ጣለ። «ጨው ይሁን ድንጋይ ይሁን በምን አውቃለሁ ጌታዬ? ለምርመራ ያህል ነው የላስኩት።»

ክቡ በሳቅ ፈረሰ። ጃርትን ቃሉም ያዘው፣ ልቡም ያዘው፤ ማምለጫ አላገኘም። አያ ጅቦ «ልሸኘው?» ቢል አያ ጉሬዛ ከለከለ። ጃርት ብቻውን ወንዙን ተሻገረ። ሲሻገርም በሕግ አምላክ ይል ነበር፤ የቆመለት ግን የለም። ከዚያ ወዲህ ዘሩ ሁሉ ፀሐይ ሳለች ብቅ አይልም ይባላል።

ከርከሮ ጨዉን ሊያመጣ ተነሳ። ሚዳቋ ወደ ውሃ ተነሳች። አያ ጉሬዛም እፎይ ብሎ ቅሉን ሊያወርድ እጁን ዘረጋና፣ ዓይኑ አህያ አንገት ላይ ካለው ገመድ አረፈ። የገመዱ ሌላው ጫፍ ባዶውን ይጎተታል።

«ቆቅስ?» አለ። አመል አይለቅምና፣ «ፈትታ አመለጠች?» አለ።

አህያ መሬት መሬቱን አየ።

«አላመለጠችም፣ ጌታዬ። ገመዱን እኔው ነኝ የፈታሁላት። ፀሐይዋ ቀድማናለች። እንቁላሎቹ ሲነኳቸው እንደ ፍም ያቃጥላሉ። እሷ ግን ተቀምጣባቸዋለች። ተነሺ እንሂድ ብላት እምቢ አለችኝ።»

ሳቁ ተቋረጠ። ከርከሮ ባለበት ቆመ። «ሕጉ ተፈጽሟል» አለ ጠፍሩ ከመሬት።

አያ ጉሬዛ እጁን ከቅሉ መለሰ። ከዋርካው ሥር አንድ ድንጋይ አንስቶ አንገቱ ላይ ጫነ። የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚቀርበው፤ የተበደለው «አውርድ» ካላለው አያወርድም። ካባውን እየጎተተ፣ በዚያ ፀሐይ እስከ ቋጥኙ ሄደ። አገሩ ሁሉ በሩቁ ተከተለው።

ቆቅ ክንፎቿን ዘርግታ ተቀምጣለች። ከፊቷ ቆመ።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አለ።

«ጌታዬ» አለች ቆቅ ቀና ሳትል፣ «ረፋዱ ላይ መጀመሪያ ስለምንዎ፣ እውነቴን እንደነበር አላወቁም?»

አያ ጉሬዛ ዋሽቶ አያውቅም። «እውነትሽን ይሆናል ብዬ ነበር» አለ።

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ጠፍሩን ጠየቅሁ።»

«ሁለተኛ ስለምንዎስ?»

«ጠፍሩን ጠየቅሁ።»

ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«ጠፍርማ ልብ የለውም፣ ጌታዬ» አለች። «ለዚህ አልነበር እርስዎን ከጠፍሩ በላይ ያስቀመጥንዎ?»

ቆቅ ፊቷን ወደ እንቁላሎቿ መለሰች። ድንጋዩን አውርድ አላለችውም።

አወረደ ወይስ አላወረደም ትሉኝ ይሆናል። እኔን እስከዚህ ድረስ ነው የነገሩኝ፤ ያልሰማሁትን አልጨምርም። ተረቴን እዚህ ላይ ተቀበሉኝ፤ ዳቦውን ለሌላ ቀን አቆዩልኝ። ምክሬ ግን ይህ ነው፤ ሕግ ሲነበብላችሁ ጆሯችሁን ለቃሉ፣ ዓይናችሁን ለአንባቢው፣ ልባችሁን ደግሞ ፀሐይ ላይ ለቀረው ስጡ።